ባለ ደርብ የስቴንለስ ድስት፦ በእንፋሎት ስለማብሰልና ስለመቀቀል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለ ደርብ የስቴንለስ ድስት ዛሬ በብዙ ቤት አለ። አንዱ ከመርካቶ ይገዛዋል። ሌላው ጋ ከአረብ አገር በሻንጣ ይመጣል። ለሠርግም ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ግን የታችኛው ድስት ብቻ ወጥ ይሠራበትና ቀዳዳ ያላቸው ደርቦች ቁም ሳጥን ላይ ይቀራሉ። ያሳዝናል፤ የዕቃው ዋና ጥቅም እነሱ ላይ ነውና። አብሮት የሚመጣው መመሪያም ብዙ አይረዳም። የተጻፈው ለሌላ አገር ወጥ ቤት ነው፤ የሚሰጠው ሰዓትም አዲስ አበባ ላይ አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ ከታች አለ።

ይህ ድስት ከተራው ድስት በምን ይለያል?

ሦስት ነገር አለው። ከታች ውሃ የሚፈላበት ደፍን ድስት፣ በላዩ የሚቀመጡ ወለላቸው የተበሳሳ አንድ ወይም ሁለት ደርቦች፣ ከዚያ ክዳን። ውሃው ከታች ይፈላል፣ እንፋሎቱ በቀዳዳዎቹ ወደ ላይ ይወጣል፣ ምግቡ ውሃ ሳይነካው ይበስላል።

ሌላም ዓይነት አለ። ረጅም ድስት ሆኖ ውስጡ ጥልቅ ወንፊት የሚገባበት። እሱ ለፓስታና ለመኮሮኒ ነው። ምግቡ ውሃ ውስጥ ይቀቀላል፤ ሲበስል ወንፊቱን ከነመኮሮኒው ማውጣት ነው። ፈልቶ የሚንተከተክ ድስት ተሸክሞ ማጠቢያ ላይ መገልበጥ ይቀራል። ልጆች በሚሯሯጡበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ምግቡ ውሃ ካልነካው እንዴት ይበስላል?

እንፋሎት ከሚመስለን በላይ ሙቀት ይዟል። አንድ ኪሎ ውሃን ከ20 ዲግሪ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ 335 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። ያንኑ የፈላ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 2,257 ኪሎጁል ይፈልጋል። ከስድስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ድንች ሲነካ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ያን ጊዜ የተሸከመውን ሙቀት በሙሉ ድንቹ ላይ ያራግፋል።

እንፋሎት እጅን ከፈላ ውሃ የባሰ የሚያቃጥለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ክዳኑን ስትከፍቱ ከእናንተ ራቅ ያለውን ጠርዝ ቀድማችሁ አንሱ፤ እንፋሎቱ ወደ ግድግዳው ይውጣ። ፊትን ድስቱ ላይ አስጠግቶ «በሰለ እንዴ?» ብሎ ማየት መቅረት አለበት። የላይኛውን ደርብ ስታነሡም እንዲሁ ነው፤ ሲነሣ ከሥሩ የታፈነው እንፋሎት በአንድ ጊዜ ይወጣል። ረጅም ጓንት ወይም ወፍራም ደረቅ ጨርቅ ያዙ። እርጥብ ጨርቅ ሙቀቱን ቶሎ ወደ እጅ ያስተላልፋል።

መመሪያው 20 ደቂቃ ይላል። እኔ ጋ ግን ድንቹ ጥሬ ነው። ድስቱ ነው ችግሩ?

ድስቱ አይደለም፤ ከፍታው ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል አካባቢ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብላችሁ ብታስቡ ብዙ አትሳሳቱም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃዋ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጎንደርና መቀሌ ላይ 93 ገደማ፣ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላይ 94 ገደማ ነው። ድሬዳዋ ዝቅ ስለምትል ወደ 96 ትጠጋለች። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ከአዲስ አበባም ባነሰ ሙቀት ይፈላል።

እንፋሎቱም ያው ነው። ውሃው በ92 ዲግሪ ከፈላ እንፋሎቱም 92 ዲግሪ ነው። እሳት ብትጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አንዲት ዲግሪ አይጨምርም። ይህን ያወቀ ሰው ብዙ መብራትና ከሰል ያተርፋል። ውሃው እስኪፈላ እሳቱን ከፍ አድርጉ፤ አንዴ እንፋሎቱ በደንብ መውጣት ሲጀምር ወደ መካከለኛ ዝቅ አድርጉት።

ስለዚህ በመመሪያው ሰዓት ላይ ከሩብ እስከ ግማሽ ያህል ጨምሩበት። 20 ደቂቃ ካለ ከ25 እስከ 30 ያዙ። ዱባይ፣ ጂዳ ወይም ቴል አቪቭ ያላችሁ መመሪያውን እንዳለ ብትከተሉ ይሠራል፤ እናንተ ባሕር ዳርቻ ላይ ናችሁ። ከዋሽንግተን ለእረፍት መጥቶ «እዚህ ምግብ አይበስልም» የሚል ዘመድ ካለም ልክ ነው፤ እውነትም ይዘገያል።

ታዲያ ለእኛ ከፍታ የሚሆነው ሰዓት ስንት ነው?

እንደ አዲስ አበባ ላለ ቦታ የምጠቀምባቸውን ልስጥ። ሰዓቱ የሚቆጠረው እንፋሎቱ በደንብ መውጣት ከጀመረ በኋላ ነው።

መካከለኛ ድንች ከነልጣጩ ሳይቆረጥ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይወስዳል። በአራት ከተቆረጠ ከ20 እስከ 25 ይበቃዋል። ስኳር ድንች ከድንች ትንሽ ይፈጥናል። በቀለበት የተቆረጠ ካሮት ከ12 እስከ 15፣ ፎሶሊያ ከ10 እስከ 14፣ የአበባ ጎመን 10 ገደማ። ቀይ ሥር ሙሉውን ከሆነ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው፤ አትላጡት፣ ቀለሙ ይፈሳል። የዓሣ ፊሌቶ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ይደርቃል። እንቁላል አስኳሉ እንዲጠጥር ከተፈለገ ከ15 እስከ 17።

የድንቹ ዓይነትና የአቆራረጡ ውፍረት ሰዓቱን ያዛባዋል። በሹካ ወጋ አድርጉት፤ ሹካው ሳይታገል ከገባ በስሏል።

እንቁላልን በእንፋሎት ማብሰል የተለየ ጥቅም አለው። ለዶሮ ወጥ ብዙ እንቁላል ሲላጥ ነጩ ከቅርፊቱ ጋር እየተቦጨቀ የሚያናድድ ጊዜ አለ። ከጅምሩ ትኩስ እንፋሎት ውስጥ የገባ እንቁላል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተጥዶ ቀስ እያለ ከሚሞቀው ይልቅ በቀላሉ ይላጣል። እንደበሰለ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት። በጣም ትኩስ የተጣለ እንቁላል ያም ሆኖ ያስቸግራል፤ ጥቂት ቀን የቆየውን ምረጡ።

ውሃው ምን ያህል ይሁን? መሃል ላይ ቢያልቅስ?

ውሃው ከመጀመሪያው ደርብ ወለል ቢያንስ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ይበል። ከዚያ ከፍ ካለ ሲንተከተክ እየዘለለ ምግቡን ይነካዋል፤ ታችኛው ይቀቀላል፣ የላይኛው በእንፋሎት ይበስላል፣ ጣዕሙም ይዘበራረቃል። በጣም ካነሰ ደግሞ ያልቃል። ብርቱ እሳት ላይ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ሰዓት ላይቆይ ይችላል።

እንደ ሕብስት ያለ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ነገር ስትሠሩ አጠገባችሁ በማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ይኑር። የምትጨምሩት ፈልቶ ይሁን። ቀዝቃዛ ከጨመራችሁ እንፋሎቱ ይቆማል፣ ሊጡም ይወድቃል።

አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ንጹሕ ሳንቲም ወይም ብይ የታችኛው ውሃ ውስጥ ጣሉ። ውሃው እስካለ ድረስ እየተንቋቋ ይጮኻል። ድምፁ ጸጥ ካለ ውሃው ሊያልቅ ነው።

ውሃው አልቆ ድስቱ ባዶውን ከጋለ እሳቱን አጥፉና እዚያው ይቀዝቅዝ። ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉበት፤ ወለሉ ይጣመማል። አንሥታችሁም አትሩጡ። የብዙ ስቴንለስ ድስት ወለል ውስጥ አሉሚኒየም አለ፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ኃይለኛ ምድጃ ላይ ባዶውን ለረጅም ጊዜ የተረሳ ድስት ያ አሉሚኒየም ቀልጦ ሊፈስ ይችላል።

ሕብስት በዚህ ድስት ይወጣል?

ይወጣል፤ እኔ እንደውም ድስቱን ለመግዛት ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው እላለሁ። ሕብስት ድሮም የእንፋሎት ዳቦ ነው። ባለ ደርቡ ድስት የሚያቀለው ሥራውን ነው።

የስንዴ ዱቄቱን በእርሾ፣ በጨውና በጥቁር አዝሙድ ለስለስ አድርጋችሁ አብኩት። ከዳቦ ሊጥ ቀጠን፣ ከእንጀራ ሊጥ ወፈር ይበል። ኩፍ እስኪል ይቆይ። ደርቡ ላይ ኮባ አንጥፉ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ኮባውን ግጥም አድርጎ ወለሉን በሙሉ ይሸፍነዋል። ቀዳዳዎቹ ከተደፈኑ እንፋሎቱ በየት ይውጣ? ከታች ይታፈናል፣ ላይኛው ሊጥ ሊጥ ይላል። በዙሪያው የጣት ስፋት ያህል ክፍት ተዉለት። ኮባው ጠርዙ ወደ ላይ ታጥፎ ሊጡን እንደ ሳህን ይያዘው እንጂ ግድግዳውን አይንካ።

ሁለተኛው ችግር ጠብታ ነው። እንፋሎቱ ክዳኑን ሲነካ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ሕብስቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ፊቱ ይረጥባል፣ ይጨማደዳል። ክዳኑን ከውስጥ በኩል በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አልብሱትና ጫፎቹን ሰብስባችሁ ክዳኑ እጀታ ላይ እሰሩ። ማሰሩን እንዳትረሱ። ቡታጋዝ ላይ የተንጠለጠለ ጨርቅ እሳት ይይዛል።

ውሃው በደንብ ሳይፈላ ደርቡን አትጣዱ። ከተጣደ በኋላ ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አትክፈቱ። እንደ ውፍረቱ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ስንጥር መሃሉ ላይ ሰክታችሁ ስታወጡት ሊጥ ካልያዘ ደርሷል። እሳቱን አጥፉ፣ ክዳኑን ትንሽ ገርበብ አድርጉ፣ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ አውጡት። በድንገት ብርድ ካገኘው ይሟሽሻል።

ኮባ ለማያገኙ፦ ውጭ አገር በእስያውያን ሱቆች በረዶ የሆነ የሙዝ ቅጠል ይሸጣል፤ ይሠራል። ሽታው እንደ ኮባ አይሆንም፣ ግን ደህና ነው። ነጭ ጨርቅ ነክራችሁ ጨምቃችሁ ማንጠፍም ይቻላል።

በእንፋሎት የበሰለ ከተቀቀለ ይሻላል የሚባለው እውነት ነው?

ለአትክልት አዎ። ቫይታሚን ሲ እና የቢ ቫይታሚኖች ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ። ጎመን በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ ቫይታሚኑም አብሮ ይደፋል። በእንፋሎት ሲበስል አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ቀለሙም ጣዕሙም ይታያል። በጾም ሳምንታት አትክልት በየቀኑ በሚበላበት ቤት ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ግን ሁሉም ነገር በእንፋሎት ይብሰል ማለት ስህተት ነው፤ አንዳንዱ ላይ አደጋም አለው። ደረቅ ቦሎቄ፣ በተለይ ቀዩ፣ ጥሬውን ሆድ ክፉኛ የሚያስታውክና የሚያስቀምጥ ሌክቲን የሚባል ነገር አለው። እሱ የሚጠፋው ቢያንስ አምስት ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ የተዘፈዘፈበት ውሃ ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ በደንብ እየተንተከተከ ሲቀቀል ነው። መንተክተኩ ከግማሽ ሰዓት አይነስ። ለዘብ ባለ ሙቀት ማቆየት ጭራሽ ያባብሰዋል። ደረቅ ባቄላ፣ ሽምብራና አተርም ውሃ መጠጣት ስላለባቸው የታችኛው ድስት እንጂ የላይኛው ደርብ ቦታቸው አይደለም። ንፍሮ መቀቀል ነው፤ አቋራጭ የለውም።

ጓያን ለብቻው ላንሣው። ጓያ እግርን የሚያሽመደምድ መርዝ አለው። ዘፍዝፎ፣ በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። በእንፋሎት ከሆነ መርዙን ይዞ የሚሄድ ውሃ ስለሌለ ያው እዚያው ይቀራል። ጓያን በእንፋሎት አታብስሉ። የዘወትር ምግብም አታድርጉት።

የኩላሊት ጠጠር ያስቸገረው ሰው ደግሞ ከስፒናችና ከቆስጣ ጋር በተያያዘ ተቃራኒውን ይሰማል። በእነዚህ ቅጠሎች ያለው፣ ለጠጠር መንስኤ የሚሆን ኦክሳሌት የሚባል ነገር በመቀቀልና ውሃውን በመድፋት ይበልጥ ይወጣል። ሐኪም ኦክሳሌት ቀንስ ካለው፣ ለእሱ መቀቀሉ ይሻለዋል።

ሁለት ደርብ አንድ ላይ ስጠቀም የቱ ከላይ፣ የቱ ከታች ይሁን?

ብዙ ሰዓት የሚፈልገው ከታች፣ ቶሎ የሚደርሰው ከላይ። ድንቹን ቀድማችሁ ጣዱ፤ ካሮቱንና ፎሶሊያውን ዘግይታችሁ ከላይ ጨምሩ። ሁሉም በአንድ ምድጃ እኩል ይደርሳል።

ጥሬ ሥጋ፣ ዶሮ ወይም ዓሣ ካለ ሁልጊዜ ከታች ይሁን። ደሙና ፈሳሹ የተበሳሳውን ወለል አልፎ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ አትክልት ካለ አትክልቱ ላይ ነው የሚያርፈው።

የሚጾምና የማይጾም አብሮ በሚኖርበት ቤት ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከታች ዶሮ፣ ከላይ የጾም ድንች ማድረግ አይሆንም። እንፋሎቱ የሥጋውን ሽታና ስብ ይዞ ነው የሚወጣው። ዕቃው ሁለት ደርብ ቢሆንም አየሩ አንድ ነው። የጾሙን አስቀድማችሁ ለብቻው ሥሩ፣ ከዚያ የፍስኩን። ብዙ እናቶች የጾምና የፍስክ ዕቃ ይለያሉ፤ ስቴንለስ ሽታ ስለማይዝ በደንብ ከታጠበ አንዱ ድስት ለሁለቱም ቢያገለግል ምግቡ ላይ ለውጥ የለውም። የቤቱን ልማድ ግን ማክበር ነው።

ስጋዛ እውነተኛ ስቴንለስ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ማግኔት ያሳያል ይባላል።

ማግኔቱ ግማሹን ነው የሚነግራችሁ። ስቴንለስን ስቴንለስ የሚያደርገው ክሮሚየም ነው፤ ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል መኖር አለበት። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ተዋሕዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሲጫርም ራሱን መልሶ ይሸፍናል። ይህን ብረት እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሪርሊ በ1913 እ.ኤ.አ. የሠራው የጠመንጃ አፈሙዝ ቶሎ እንዳይበላ መላ ሲፈልግ ነው። ከማዕድ ቤት የገባው ኋላ ነው።

ድስቱ ላይ 18/8 ወይም 18/10 የሚል ጽሑፍ ካለ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 8 ወይም 10 በመቶ ኒኬል ማለት ነው። ለጨውና ለአሲድ ጠንካራው ይህ ነው፤ ማግኔት ብዙም አይስበውም። 18/0 የሚለው ኒኬል የለውም፤ ማግኔት ይስበዋል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ለመቀቀያ አይከፋም።

ችግሩ ሦስተኛው ነው። ኒኬሉ ተቀንሶ በማንጋኒዝ የተተካበት 201 የሚባል ዓይነት አለ። እሱንም ማግኔት አይስበውም። ስለዚህ «ማግኔት አልያዘውም፣ ኦርጅናል ነው» የሚል ነጋዴ ሊያሳምናችሁ አይገባም። 201 ጨውና እርጥበት ሲበዛበት ቶሎ ቡናማ ነጥብ ያወጣል። በዓይን መለየት ከባድ ስለሆነ ቁጥሩ የተቀረጸበትን ፈልጉ፤ ያልተጻፈበትን በውድ አትግዙ።

ማግኔቱ በትክክል የሚጠቅመው ኢንዳክሽን ምድጃ፣ ማለትም የድስቱን ወለል በማግኔት ኃይል የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላላችሁ ነው። የድስቱ ወለል ማግኔት ካልያዘ ኢንዳክሽን ላይ አይሠራም። ወለሉን እንጂ ጎኑን አትፈትኑ።

ከብረቱ ዓይነት ይልቅ እኔ የማየው ወለሉን ነው። ስቴንለስ ሙቀት ማስተላለፍ አይሆንለትም፤ አሉሚኒየም ከእሱ ከ10 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። ለዚህ ነው ጥሩ ድስት ወለሉ ወፍራም ሆኖ መሃሉ ላይ አሉሚኒየም የሚገባበት። ወለሉ ስስ ከሆነ ውሃ ለማፍላት ምንም አይልም፤ ወተት ወይም ሽሮ ከጣዳችሁበት ግን ያራል። ሌላው የክዳኑ አገጣጠም ነው። ደርቦቹን ሱቁ ውስጥ ደራርባችሁ ነቅነቅ አድርጓቸው። ከተንገዳገዱ እንፋሎቱ በጎን ያልቃል።

የአሉሚኒየሙን ድስት ልጣለው?

በፋብሪካ የተሠራ ደህና አሉሚኒየም ውሃ ለማፍላትና ድንች ለመቀቀል አያስጨንቅም። ቲማቲም፣ ሎሚና ኮምጣጤ ያለበትን ምግብ ግን አታሳድሩበት፤ አሲዱ ብረቱን ይበላዋል።

የሚያሳስበኝ ከውድቅዳቂ ብረት ቀልጦ የሚሠራው ነው። በተለያዩ የአፍሪካና የእስያ አገሮች ከቁርጥራጭ አሉሚኒየም በተሠሩ ድስቶች ላይ በተደረገ ፍተሻ እርሳስ ተገኝቶባቸዋል። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ አይታይም፣ አይሸትም። የሕፃን ምግብ የሚበስልበት ድስት አንድ ብቻ ቢሆንም ስቴንለስ ይሁን።

ኒኬል ቆዳቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎች ደግሞ 18/0 የሚለውን ይምረጡ። አዲስ ስቴንለስ ድስት ቲማቲም ሲበስልበት መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ኒኬል ይለቃል፤ በአጠቃቀም እየቀነሰ ይሄዳል።

ስቴንለስ አይዝግም ብለው ሸጡልኝ። ውስጡ ላይ ትናንሽ ነጥብ ወጣበት።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ጨው ነው። ጨው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲበተን ሳይሟሟ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፤ እዚያው ቦታ ላይ መከላከያውን ሽፋን ይበሳዋል። የመርፌ ቀዳዳ የመሰለች ጉድጓድ ትቀራለች፤ አትለቅም። መፍትሔው ቀላል ነው። ውሃው ሲፈላ ጨምሩት፣ አማስሉት። ከምግቡ የተረፈውን ጨዋማ ውሃም ድስቱ ውስጥ አታሳድሩ።

ከጨው የባሰ ደግሞ በረኪና ነው። እኛ ጋ ዕቃ እንዲጸዳ በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍ የተለመደ ነው። ለስቴንለስ አይሆንም። በረኪናው ውስጥ ያለው ክሎሪን ሽፋኑን ይበላዋል። ድስቱን ያበላሸው ፋብሪካው ሳይሆን በረኪናው የሆነበት ቤት ብዙ ነው።

ነጭ ነጠብጣብ ከሆነ አትጨነቁ፤ ከውሃው የመጣ ካልሲየም ነው። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ሰፈር ይበዛበታል። ትንሽ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ውሃ ላይ ጨምራችሁ አፍሉት፣ ይለቃል። እንደ ቀስተ ደመና ሰማያዊና ወርቃማ ቀለም ካመጣም ከሙቀት ነው፤ ጉዳት የለውም፣ ኮምጣጤ ያነሣዋል።

ያረረ ምግብ ሲያስቸግር የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ፣ አሸዋና አመድ አትጠቀሙ። ውሃና ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምራችሁ ለ10 ደቂቃ አፍሉ፣ ይቀዝቅዝ፣ በእንጨት ማንኪያ ገፋ ገፋ አድርጉት። የደርቡን ቀዳዳዎች በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከሥር በኩል ፈትጉ፤ ከላይ ስትፈትጉ ቆሻሻው ወደ ቀዳዳው ይገባል።

ከፕሬዠር ኩከር ጋር አንድ ነው?

አይደለም፤ መምታታቱም አደገኛ ነው። ፕሬዠር ኩከር እንፋሎቱን አፍኖ ግፊት ይፈጥራል። በባሕር ጠለል ላይ 121 ዲግሪ የሚደርስ ዕቃ አዲስ አበባ ላይ ወደ 117 ይደርሳል። ለዚህ ነው የበሬ ሥጋና ሽምብራ የሚያቃልለው። ለዚያም የተሠራ ማጥበቂያ፣ ጎማና የግፊት ማስወጫ አለው።

ባለ ደርቡ ድስት ግፊት ለመያዝ አልተሠራም። «ቶሎ እንዲበስል» ብሎ ክዳኑ ላይ ድንጋይ የሚጭን፣ ዙሪያውን በሊጥ የሚለጥፍ አለ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ክዳኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳም አትድፈኑ።

የመጠጥ ውሃ ላፈላበት? ጡጦስ?

በሚገባ። ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ውሃው በደንብ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ዝቅ ባለ አገር አንድ ደቂቃ ይበቃል። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አይቀንስም። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ሲፈላ ውሃው እየተነነ ፍሎራይዱ ጭራሽ ይከማቻል። እዚያ ያላችሁ ሌላ ምንጭ መፈለግ ነው ያለባችሁ።

ጡጦ ታጥቦ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጠልቆ ለ10 ደቂቃ ይፍላ። ጡጦው ሙቀት እንደሚችል አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ከታች የቀረውን ውሃ ልጠቀምበት?

አትክልት ብቻ ከሆነ ለሾርባ፣ ለሩዝ ወይም ለሽሮ ግሩም ነው። ጥሬ ሥጋ ተንጠባጥቦበት ከሆነ እንደገና አፍሉት። እንቁላል ከነቅርፊቱ ከሆነ ድፉት። የድንች ልጣጭ አረንጓዴ ከነበረም ድፉት፤ አረንጓዴውን ድንችም አትብሉ።

እጀታው ላላ፣ የመስተዋት ክዳኑም ጭጋግ ይይዛል።

እጀታው በብሎን የታሰረ ከሆነ ሲቀዘቅዝ አጥብቁት፤ ትኩሱን ካጠበቃችሁት ሲቀዘቅዝ መልሶ ይላላል። በብየዳ የተያያዘ ከሆነና ከተነቃነቀ ሙሉ ድስት አታንሡበት። ብየዳው እስኪሠራ ድስቱ ሥራ ይፍታ። የመስተዋት ክዳን ጭጋግ መያዙ ግድ ነው፤ ትንሽ ዘንበል አድርጋችሁ ጠብታውን በጠርዙ አውርዱት። ጥግ ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ግን አንድ ቀንም አትጠቀሙበት፤ እንፋሎት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ክዳን ለብቻው ስለሚሸጥ የድስቱን አፍ ከጠርዝ ጠርዝ በሴንቲሜትር ለክታችሁ ሂዱ።